መንቁር ያለው ዘንዶ

የሳጥኑ ክዳን በሦስተኛው የመዶሻ ምት ሲነሳ መጀመሪያ ብቅ ያለው መንቁር ነበር።

ሚዩሊን መዶሻዋን እንዳነሳች ቀረች። ከኋላዋ፣ የመንደሩ ቀደምት አያቶች በሚታሰቡበት አዳራሽ ደጃፍ ላይ፣ ዘንዶ አያለሁ ብሎ ከየአሳ ኩሬው የመጣ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጓል። ገለባውን ስታነሳ ቀይ ቁንጮ ወጣ። ቀጥሎ ላባው በቢላ የተቀረጸ ረጅም አንገት። ቀንድ የለ፣ ጥርስ የለ፣ ጺም የለ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ጋሼ ካምፉክ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳውን ዓመት የመንደሩን ጀልባ ከበሮ ሲመቱ ስለኖሩ ሲያወሩም በምት በምት ነው።

"ወፍ ነው" አለች ሚዩሊን።

"ወፍነቱንማ አየሁት። ዘንዶው የታለ?"

"በልታው ይሆናላ" አለች ሱክፋን። ሱክፋን የገበያው አሳ ሻጭ ናት፤ ክንዷ የሌላ ሰው ጭን ያህላል፤ ምላሷ ደግሞ ከክንዷ ይበረታል።

ሰው ሳቀ። ሚዩሊን አልሳቀችም፤ ሳጥኑን ያዘዘችው እሷ ነበረች።

የድሮው የዘንዶ ራስ ካለፈው የጀልባ ውድድር በዓል ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሎ ከርሞ፣ ባለፈው ወር አቧራውን ሊያራግፉለት ቢያወርዱት አፍንጫው በጋሼ ካምፉክ መዳፍ ላይ ዱቄት ሆነ። ምስጥ እንጨቱን አንድ ሳያስቀር በልቶ ቀለሙን ብቻ አቁሞታል። በመንደሩ እንደሚወራው ከሆነ እነዚያ ምስጦች ከዚያ ወዲህ የሚሄዱት ሁለት ሁለት ሆነው፣ በከበሮ ምት ነው። አይቻለሁ ብሎ የሚምልም አለ።

ጀልባውን የዘንዶ ጀልባ የሚያደርገው ከፊቱ የሚሰካው የዘንዶ ራስ ነው፤ ራስ የሌለው ጀልባ ወንዝ አይገባም። በዓሉ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጀልባውን እንዳይሰነጠቅ ዓመቱን ሙሉ ከተቀበረበት ጭቃ ትናንት ቆፍረው አውጥተውታል። በዓሉ ላይ ካልታየ የመንደሩ ስም ሳይጠራ ይታለፋል፤ የጋሼ ካምፉክ አያት ልጅ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም። አዲስ ራስ በስልክ እዘዥልን ያሉት ራሳቸው የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ሚዩሊን የኩሬ ፓምፑንም የአሳ መድኃኒቱንም በስልክ ነው የምታስመጣው፤ ለአማቷ ልኩ የሆነ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይቀር አስመጥታለች።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉ ጋሼ ካምፉክ።

"ፎቶውን አይተው 'ይሄ ይሁን' ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"

"ፎቶው ቀንድ ነበረው።"

ሚዩሊን አዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ለሻጩ ጻፈች፤ ሱክፋን ከትከሻዋ በላይ አጮልቃ እያነበበች ለሕዝቡ ታሰማለች።

"ዘንዶ አዝዤ ወፍ ላካችሁልኝ።"

"ውዴ፣ እኛን ስለመረጡ እናመሰግናለን።"

"በዓሉ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።"

"ውዴ፣ መልካም በዓል።"

"ሰው ነህ ወይስ ማሽን?"

"ውዴ፣ የዚህን ዕቃ ቁመት ማወቅ ይፈልጋሉ?"

"ዋይኪት፣ ትሰማለህ?" አለች ሱክፋን ወደ ሚዩሊን ባል ዞራ። "በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አንተ ስንት ጊዜ ውዴ ብለሃታል?"

"እኔ ያዘዘችውን ነው የማመጣላት" አለ ዋይኪት።

ሚዩሊን አስራ አራተኛውን ውዴ ከተቀበለች በኋላ ስልኩ ጮኸ። ቅንድቡ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ የተጣበቀበት ሰው በምስል ታየ፤ ቀራጩ ራሱ ነበር።

"እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ሳጥን ልኬ የአድራሻ ወረቀቱን አቀያየርኩት። ያንቺ ዘንዶ በሰሜኑ ወንዝ ያሉ ሴት ቀዛፊዎች ዘንድ ደርሷል። አንቺ ዘንድ ያለችውን የወፎች ንግሥት ያዘዙት እነሱ ናቸው።"

"ታዲያ ይመልሱልና።"

"ለመንኳቸው። ትናንት ዓይኑን ቀብተውታል።"

የተቀረጸ ራስ ዓይኑ እስኪቀባ ድረስ እንጨት ነው። ቀዩ ቀለም ዓይኑ ላይ ካረፈ በኋላ ግን ያያል፤ የሚያይ ነገር ላይ ደግሞ ሳጥን ዘግቶ ሚስማር የሚመታ ሰው በሁለቱም ወንዞች ዳር አልተወለደም።

"ወፏን አንፈልግም አሉ?" አለች ሚዩሊን።

"'ወፍ ሰልችቶናል፣ ይሄኛው ጥርስ አለው' አሉ። ለአንቺ ገንዘብሽን እስከ መጨረሻው ሳንቲም እመልሳለሁ። ስልክሽ ላይ 'እመልሳለሁ' የሚለውን ንኪው፤ ዕቃ አመላላሹ ባለሞተር ዛሬ አስር ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳታል። አዲስ ዘንዶ ግን ሃያ ቀን ይፈጃል።"

ከዚያ በኋላ ወንዶቹ የቻሉትን ሞከሩ። ዋይኪት ከመጥረጊያ ጭራሮ ጺም ሠርቶ መንቁሩ ሥር አሰረላት፤ ሌላው ከቀርከሃ ቀንድ አበጀ። ሲጨርሱ ዘንዶ ሳይሆን ፍየል የዋጠች ዶሮ ቆመች። የአዳራሹ ውሻ፣ ጎርፍ ሲመጣ እንኳ ተኝቶ ያሳለፈ ውሻ፣ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያትና ጭራውን ቆልፎ ወጣ። ዳግመኛ በዚያ በር አልገባም ይላሉ።

"አሽጊያትና መልሻት" አሉ ጋሼ ካምፉክ። "ዘንድሮ አንወጣም። ለጠየቀ ሁሉ፣ ስልክ ነው ያጠፋው እንላለን።"

ይህን ያሉት ቶሎ ብለው ነበር። ሚዩሊን ገረማት፤ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ ሰማች እንጂ ቁጣ አልሰማችም። ተከትላቸው ወደ ወንዙ ወረደች። ጀልባው በሆዱ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። መቅዘፊያዎቹ ከወንዙ ዳር ባለው ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል፤ ሃያ ናቸው። ከሃያው በዘይት የሚያብረቀርቁት አስራ አንዱ ብቻ ነበሩ።

"ጋሼ፣ ዘጠኙን ለምን ዘይት አልቀቧቸውም?"

"ዘይቱ አለቀ።"

ጠርሙሱ እግራቸው ሥር ነበር፤ እስከ አንገቱ ሞልቷል። ሁለቱም አዩት። ጋሼ ካምፉክ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"ፋብሪካ የገቡት ቀዛፊ ልጆች አይመጡም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ፋብሪካው ትዕዛዝ በዝቶብኛል ብሎ ፈቃድ ከለከላቸው። አንዱ ደወለ፣ ሌላው ደወለ፣ ዘጠኝ ሆኑ። እዚህ ካለነው ትንሹ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እውነቱን ልንገርሽ ሚዩሊን፣ ምስጡ የዘንዶውን ራስ ሲበላው ምስጡን አመሰገንኩት። ሰው አጣን ከማለት ራስ አጣን ማለት ይቀላል።"

"እኛስ ሰው አይደለንም?" አለች ሱክፋን። ተከትላቸው ወርዳ ኖሯል። "በየማለዳው አርባ አርባ ኪሎ አሳ በሁለት እጄ ከኩሬ አወጣለሁ። ዘጠኝ ሴት ደግሞ ገበያውን አንዴ ስዞር ይሞሉልኛል።"

ጋሼ ካምፉክ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የአባቶች ሕግ አለ። ሴት ዘንዶ ላይ አትወጣም።"

ሚዩሊን ሕጉን ታውቀዋለች። በስምንት ዓመቷ የጀልባውን ገመድ ስለተራመደች እኚሁ ሰው እስከ ቤቷ በር ድረስ እየተቆጡ አባረዋታል። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ገመድ ባየች ቁጥር ዞራ ነው የምታልፈው።

"ያቺ እላይ ያለችው" አለች ወደ አዳራሹ እያሳየች፣ "ዘንዶ ናት?"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩ። ከዚህ ሆኖ ቁንጮዋ በበሩ በኩል ይታያል። ጺሟ ወልቆ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል።

"አይደለችም" አሉ በመጨረሻ።

"ስለ ወፍ የሚል ሕግስ አለ?"

"ስለ ወፍ..." ጋሼ ካምፉክ አገጫቸውን አሹ። "ስለ ወፍ ሲነገር አልሰማሁም።" ከዚያ የዘይት ጠርሙሱን አንስተው ወደ መቅዘፊያዎቹ ሄዱ። ጀርባቸውን እንደሰጧት፣ "ዓይን የሚቀባበት ብሩሽ ከመሠዊያው ሥር መሳቢያ ውስጥ ነው። እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ ማን እንዳነሳው አላይም" አሉ፤ አስራ ሁለተኛውን መቅዘፊያም ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

ሱክፋን ተጨማሪ ቃል አልጠበቀችም፤ ወደ ገበያው ሮጠች። ሱክፋን ስትሮጥ ኩሬው ሁሉ ይናወጣል።

ሚዩሊን አዳራሹ ውስጥ ብቻዋን ከወፏ ጋር ቀረች። የጭራሮውን ጺም ፈታች፣ የቀርከሃውን ቀንድ ነቀለች። ስልኳ ላይ "እመልሳለሁ" የሚለው ቃል አሁንም እየበራ ይጠብቃታል። ብትነካው ከየቤቱ የተዋጣው ገንዘብ ይመለሳል፤ ስሟም ተሳሳተች ከመባል አያልፍም፣ እሱም ለከርሞ ይረሳል። ብትቀባት ግን መመለስ የለም። ሴቶቹ መሐል ወንዝ ላይ ቢዘፈቁ ሁለት ወንዝ ሙሉ ሰው የሚስቀው በሚዩሊን ዶሮ ነው፤ ያ ደግሞ የልጅ ልጆቿ ድረስ ይወራል።

የወፏ ዓይኖች ነጭ ናቸው፤ ገና ምንም አላዩም። እንጨቷ ካምፎር የሚባለው ዛፍ ኃይለኛ ሽታ አለው፤ ካምፎርን ምስጥ አይበላውም።

ሚዩሊን መሳቢያውን ሳበች።

የሞተር ድምፅ ደጃፉ ላይ ሲቆም ልክ አስር ሰዓት ነበር። ባለሞተሩ ቆቡን ሳያወልቅ ገባና ሳጥኑን፣ ገለባውን፣ ከዚያም ሴትዮዋን ተራ በተራ አየ።

"የሚመለስ ዕቃ አለ ተብዬ ነበር" አለ። "ይሄ ነው?"

"ነበር" አለች ሚዩሊን፣ ሳትዞር። ብሩሹ ከወፏ ግራ ዓይን ላይ ገና መነሳቱ ነው። "አሁን ግን በግራ ዓይኗ እያየችህ ነው።"

ባለሞተሩ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ፤ ቆቡንም አወለቀ። ከወንዙ በኩል የሴቶች ሳቅ መጣ። በሳቁ መሐልም የጋሼ ካምፉክ ከበሮ ቀስ ብሎ፣ ለሙከራ፣ ሁለት ጊዜ ተመታ።

ሚዩሊን ብሩሹን መልሳ ቀዩ ቀለም ውስጥ ነከረችው።