የጥያቄ ቁጥር ሁለት ልጆች

ለሠራተኛ ሕግ ፈተና በተቀመጥንበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ጥያቄ ቁጥር ሁለት ላይ ከሥራ የተሰናበተው ሰው በሩን አንኳኩቶ ገባ። ሰማያዊ ቱታ ለብሷል። መምህራችን ዶክተር አስናቀ ከወረቀታቸው ቀና ብለው አዩትና «አርፍደሃል፤ ከኋላ ተቀመጥ» አሉት። እሱ ግን አልተቀመጠም።

እኛ የሰው ሀብት አስተዳደርንና የአሠሪና ሠራተኛ ሕግን አንድ ላይ የምንማር የማስተርስ ተማሪዎች ነን። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየመሥሪያ ቤታችን ሰው እንቀጥራለን፣ ሰው እናሰናብታለን፤ ቅዳሜ ደግሞ ያደረግነው ትክክል መሆን አለመሆኑን እንማራለን። እኔ የአንድ ክር ፋብሪካ የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝ። ቅደም ተከተሉ መገልበጡ አልጠፋኝም፤ ግን እንጀራዬ ያለው ከሰኞው በኩል ነው።

ጥያቄው አጭር ነው። አቶ ሀ የሁለት ልጆች አባት ሲሆን በአንድ ድርጅት ውስጥ በማሽን ኦፕሬተርነት ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ለአምስት የሥራ ቀናት ከሥራ ገበታው ላይ በመቅረቱ ድርጅቱ ያለማስጠንቀቂያ አሰናበተው። ስንብቱ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም? ለምን እንደቀረ አይናገርም። ዶክተር አስናቀ ደግሞ ከተሰጠን ፍሬ ነገር ውጭ ምንም እንዳንጨምር ደጋግመው አስጠንቅቀውናል። ልጆቹ ጥያቄው ውስጥ የገቡት ሆዳችን እንዲባባና እንድንሳሳት ነው ይላሉ።

ሰውየው በየወንበሩ መካከል እየተዘዋወረ መልሳችንን ማንበብ ጀመረ። ሁሉም «ሕጋዊ ነው» ብለው ጽፈዋል። እያነበበ ራሱን ይነቀንቅና ያልፋል። ባንክ ውስጥ የሚሠራው ወርቅነህ ብቻ ቀና ሳይል «ወንድሜ፣ ብርሃን ከለልከኝ» አለው። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ወደ እኔ መጣ። እኔ የጻፍኩት ገና «ስንብቱ» የሚለውን ነበር።

«እርስዎም እንደነሱ ነዎት?» አለኝ።

«እርስዎ ከሥራ ለምን ቀሩ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ጥያቄው ላይ የለም።»

«እንዴት ራስዎ አያውቁም?»

«አምስቱ ቀናት አሉ። ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። በየዓመቱ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ፣ ተሰናብቼ እሄዳለሁ።»

«ልጆቹ የት አሉ?»

«ኮሪደሩ ላይ።»

በበሩ መስታወት አሻግሬ አየሁ። ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ቦርሳቸውን ታቅፈዋል። ወንድ ይሁኑ ሴት ልለያቸው አልቻልኩም። ጥያቄው ሁለት ናቸው ከማለት ውጭ ስለነሱ ምንም አይልም።

«አንድ ሰው እንኳ ምክንያት ቢጽፍልኝ ሥራዬን አገኛለሁ» አለ ሰውየው።

አሳዘነኝ። ማርክ እንደሚቆረጥብኝ እያወቅኩ የትኛውም አለቃ ደፍሮ እምቢ የማይለውን ምክንያት መረጥኩለት። «ልጁ በጠና ታሞ ሆስፒታል ስለተኛ አቶ ሀ እያስታመመ ነበር። በቂ ምክንያት ስላለው ስንብቱ ሕገወጥ ነው፤ ወደ ሥራው ሊመለስ ይገባል» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አነበበው። ፊቱ ፈታ አለ፤ ከዚያ እንደገና አነበበው።

«የትኛው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«የትኛው ልጅ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሳል ተሰማ። ደረቅ፣ የልጅ ሳል ነው። እየቆየ በረታ እንጂ አላቆመም። ዶክተር አስናቀ ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ፤ ሳሉ ግን የሚመጣው በበሩ በኩል ነበር።

«ልሰርዘው?» አልኩት በሹክሹክታ።

ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ወደ ወረቀቱ። «ከሰረዙት ሥራ የለኝም። ሥራ ከሌለኝ ሁለቱን በምን አሳድጋቸዋለሁ?»

«ካልሰረዝኩትስ?»

ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። ፈራሁ። «በጠና» የሚለውን አውጥቼ «ጉንፋን ይዞት» ልበል ብዬ አሰብኩ። ግን ለጉንፋን አምስት ቀን የሚፈቅድ የሰው ሀብት ኃላፊ የለም። እኔም አልፈቅድም። እስክሪብቶዬን መስመሩ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቀረሁ።

«ሰዓት አልቋል» አሉ ዶክተር አስናቀ።

ወረቀቴን ሊወስዱ ሲመጡ አጥብቄ ይዤው ነበር። ሳብ አድርገው ወሰዱት። የመጨረሻውን መስመር ቆመው አነበቡና «አዛኝ ቅቤ አንጓች» ብለው ከሌሎቹ ጋር ደረቡት። ያኔ ሳሉ ቆመ።

ሰውየው የቱታውን አንገት አስተካከለ። ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ሰኞ ሥራ እገባለሁ።»

ተከትዬው ወጣሁ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንድ ልጅ ብቻ ተቀምጧል። የራሱን ቦርሳ በጀርባው አዝሏል፣ ሌላውን ታቅፏል። አባቱ ሊያግዘው እጁን ሲዘረጋ «የኔ አይደለም፣ አደራ ነው» ብሎ ከለከለው። አባትና ልጅ ኮሪደሩን ይዘው ሄዱ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ልጁ ቆመ። ዞሮ ባዶውን ኮሪደር እያየ፣ ሌላው ልጅ እስኪደርስበት ይጠብቅ ጀመር።