የማስቀመጫዋ እምብርት

ጎረቤቴ ሲኞራ ማርታ ቤቷ ተወርሶ ናዝሬትን ለቃ ስትሄድ፣ አንዲት ሰማያዊ የብርጭቆ አበባ ማስቀመጫ ሰጠችኝ።

እኔ ከባቡር ጣቢያው ቡና ቤቶች የለቀምኩትን የቢራ ጠርሙስ ስብርባሪ ጓሮዬ ውስጥ እያቀለጥኩ፣ በብረት ቱቦ እየነፋሁ ብርጭቆ እሠራለሁ። የእኔ ሁሉ ከቱቦው ስለየው አፉ ይሰነጠቃል። የእሷ ግን እንደ ፈካ አበባ ተከፍቷል። ማስቀመጫዋን ስንቴ አፍጥጬባት ሰደብኳት!

ዛሬ ፀሐይ ላይ ገለበጥኳት። ከሥሯ፣ መሐል ላይ፣ እንደ እምብርት ያለ ሻካራ ጠባሳ ጣቴን ቧጠጠው። ያን ጊዜ ገባኝ። አንዱ ነፍቶ ሲጨርስ፣ ሌላው የጋለ ብረት ከሥር፣ ጠባሳው ባለበት፣ ለጥፎ ይይዝለታል፤ ከዚያ ቱቦው ይላቀቃል፣ አፉ እንደገና እሳት ገብቶ ይከፈታል። ለካ የሁለት ሰው ሥራ ናት!

አብሮኝ ይሠራ የነበረው ጉደታ ለዘመቻ ከተወሰደ ወዲህ ወሬው የለም። ቢሆንም ምድጃውን አነደድኩ፤ ሁለተኛውንም ብረት አጋልኩ። ነፋሁ፤ አማረልኝ።

«ጉደታ፣ ያዝ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ከዚያ ብርጭቆው ቱቦው ጫፍ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆሜ ጠበቅኩ።