ጥፋቱ የክኒኑ አይደለም

ዩ ዴሸንግ የሳንባ ነቀርሳ እንደያዘው የተነገረው ትምባሆው ተለቅሞ ሊደርቅ ሲል ነው። በዩናን ተራሮች ላይ ባለችው በዚያች መንደር የእሱን ያህል ቅጠል የሚያደርቅ አልነበረም። ያደረቀውንም በቀርከሃ ጋያው እያንቦለቦለ አርባ ዓመት ኖሯል።

የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ሎ ሚን በየማለዳው ክኒኑን ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። ዓይኗ እያየ ካልዋጠው አትመለስም።

«ጋሼ፣ ክኒኑ ብቻውን አይበቃም፤ ጋያውንም ይተዉት» አለችው ገና በመጀመሪያው ቀን። «ጭሱ ሳንባዎን እያቆሰለ መድኃኒቱ ምን ያድርግ?»

«በአባቴ አጥንት፣ ሁለተኛ አልነካውም!»

ሚስቱ ጉዪንግ ጋያውን ሰባብራ ማገደችው። እሱ ግን ሌላ ነበረው፤ ቅጠሉ በእሳት በሚደርቅበት ማድረቂያ ቤት፣ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ። «እሳቱን ልይ» እያለ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይገባል። ወቅቱ የማድረቂያ ነውና ልብሱም ግቢውም ትምባሆ ትምባሆ ይላል፤ ማን ይጠርጥር?

በሁለት ወሩ አክታው ሲመረመር ተህዋሲያኑ አልጠፉም። አብሮት ሕክምና የጀመረው ጎረቤቱ ግን ነጻ ሆነ። ዴሸንግ እልህ ያዘው። ካርታ ከሚጫወቱት መሀል ቆሞ፣ «ያቺ ልጅ ደህናውን ክኒን እየሸጠች ለእኔ ጊዜው ያለፈበትን ነው የምታውጠኝ!» አለ። እሱ የተናገረው አንድ ጊዜ ነው፤ የቀረውን መንደሩ ጨረሰለት። በሳምንቱ ሰዎች ለሎ ሚን በር መክፈት ተዉ።

ነገሩ ወረዳ ደረሰና ተቆጣጣሪ መጣ። መድኃኒቱን አገላብጦ ካየ በኋላ ሰዉን ሰበሰበ።

«መድኃኒቱ ምንም አልሆነም። ሽማግሌው ክኒን ዘለዋል?»

ዴሸንግ አፉን ሳይከፍት ሎ ሚን ቀደመችው። «አንድም ቀን አልዘለሉም። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ማጨስስ?»

«ትተዋል። ምለውልኛል።»

ጆሮዎቿ ደም መስለዋል፤ ለእሱ ስትመሰክር ግን ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ዴሸንግ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ዋሽቻለሁ» አለ። «ማድረቂያው ቤት ተደብቄ አጨሳለሁ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።»

«ለካ ለዚህ ኖሯል እሳቱን ልይ የሚለን!» አለ አንዱ ካርታ ተጫዋች። ሰዉ አውካካ። ጉዪንግ ግን አልሳቀችም። ወደ ቤት ሲሄዱ ፊት ፊቱ እየተራመደች፣ «እኔንስ ዋሸኸኝ፣ እሺ። የዚያች ልጅ ስም ግን ምን አደረገህ?» አለችው።

በማግስቱ ሎ ሚን አትመጣም ብሎ ነበር፤ መጣች። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» ሲላት፣ «መጀመሪያ ይዋጡ» ብላ ውሃውን አቀበለችው።

ጋያውን ሰብሮ ጣለ። ከዚያ በየበሩ እየዞረ፣ «ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው» ማለት ጀመረ። ከሳሉም ይልቅ ይህ ደረቱን ወጋው። በአምስተኛው ወር አክታው ነጻ ሆነ፤ በስድስተኛው ሕክምናውን ጨረሰ።

ከዳገቱ በታች ያለች አንዲት የሕፃን እናት ግን እስካሁን ለሎ ሚን አትከፍትም። ዴሸንግ ሦስት ጊዜ ሄዶ ለምኗታል።

«ያኔ መድኃኒቷ የተበላሸ ነው ያልክ አንተ» አለችው በመጨረሻ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። «አሁን ደህና ነው የምትለኝም አንተ። የትኛውን ልመን?»

ዴሸንግ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ እዚያው ደጃፏ ላይ ቆመ።