ሁለት መቶ አስራ አራት ሌሊት

በዚያ ክረምት የኮከብ መመልከቻው ጉልላት መቶ አስራ አንድ ሌሊት ሳይከፈት ቀረ። ደመናው መጣና ተራራው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ነፋስ የጉልላቱን መዝጊያ ገነጠለው። ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ ቆመ። አይጥ የካሜራውን ሽቦ በላች። ደመወዝ ሁለት ወር ዘገየ። ሦስት መሐንዲሶች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወረዱ፤ የተሰናበተው አንዱ ብቻ ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ተራራው ላይ የቀሩት አስራ ዘጠኝ ሰዎች፣ አሮጌው ቴሌስኮፕና ከጎኑ ያላለቀው አዲሱ ነበሩ።

መስታወት አጣቢው ከቀሩት አንዱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው አንድ ሥራ ነው። የቴሌስኮፕ ዐይኑ መስታወት ነው፤ አቧራና ጤዛ ያጠፉታል። እሱ ያጥበዋል፤ በየሁለት ዓመቱም ያረጀውን የአሉሚኒየም ሽፋን ገፎ አዲስ ይቀባዋል። ማታ ማታ ከጉልላቱ ሥር ቆሞ አየሩን ያሸታል። ጤዛ ከሸተተው «አይከፈት» ይላል፤ ፕሮፌሰርም ቢሆን አይከፍትም። ከዚያ ደብተሩ ላይ ለዚያች ሌሊት አንድ መስመር ይጽፋል፦ ተከፈተ፣ ወይም አልተከፈተም። ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ከዚህ በላይ መጻፍ አይወድም። ሚስቱ «ሁለት ቃል ብቻ የሚያውቅ ደራሲ አገባሁ» ትላለች።

አዲሱ ቴሌስኮፕ የታሰበለት ሥራ ቆጠራው ይባላል። ከዚያ ተራራ የሚታየውን ሰማይ በሙሉ በየጥቂት ሌሊቱ ፎቶ እያነሳ፣ የተንቀሳቀሰውን፣ የደመቀውን፣ የጠፋውን ሁሉ ለአስር ዓመት ይመዘግባል። ማሽኑን ለመጨረስ ገንዘብ አለ። አስር ዓመት ለማንቀሳቀስ ግን የለም። ያንን የሚሰጡት ለጋሾች ናቸው፤ ለጋሾቹ ደግሞ ከመስጠታቸው በፊት እቅድ ይፈልጋሉ።

እቅዱን የምትሠራው ሴት እርሳስ ትባላለች። ስም ያወጣላት ዘበኛው ነው፤ ከጆሮዋ ላይ እርሳስ ስለማይጠፋ። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ለዳይሬክተሩም ለወጥ ቤቱም የምታቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ እርግጠኛ ነህ ወይስ ይመስልሃል? በዚያ ክረምት መሐንዲሶቹ ሲወርዱ እሷ የእነሱን ጠረጴዛ ሁሉ ወደ አንድ ክፍል አስገብታ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሊትር ነዳጅ፣ ስንት ሌሊት እንደሚያስፈልግ ከጠዋት እስከ ማታ ታሰላ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ ወረቀቱን ወደ ደረቁ ጥግ ትገፋለች እንጂ አትነሳም። አጣቢው ይህን በበሩ ሲያልፍ አይቷል። ለማንም አልተናገረም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሯ ላይ ሲደርስ እርምጃውን ያለሰልስ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ በካልሲ ሆኖ መስታወቱን በጥጥና በተጣራ ውሃ ሲያጥብ መጣች።

«ጋሼ፣ ለማጠቢያና ለመቀቢያ በዓመት ስንት ሌሊት ይወስዱብኛል?»

«ማጠቡ በቀን ነው፣ ሌሊትሽን አይነካም። መቀባቱ በሁለት ዓመት አራት ሌሊት።»

«በዓመት ሁለት ማለት ነው።» ጻፈች። «ከሁለት መቶ ሰባ ሁለት ላይ ሁለት ቢነሳ አልጎዳም።»

ጥጡ እጁ ላይ ቆመ። «ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ምን?»

«የጠራ ሌሊት። በዓመት፣ በአማካይ።»

«የየት አገር ሰማይ ነው እሱ?»

ሳቀች። «የኛው ነው ጋሼ። የአየር መለኪያው ማሽን የአስራ ሁለት ዓመት መዝገብ አለው። ከሱ ነው ያወጣሁት። በአራተኛው ቀን የለጋሾቹ ተወካይ ይመጣል፤ ይጸልዩልኝ።»

ሄደች። እሱ ጥጡን ጨመቀው። ቁጥሩ እንደማይሆን ያልነገራት በምክንያት ነበር።

ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት የተራራው በርሜል ተሰነጠቀ። በርሜሉ መስታወቱ ሲቀባ የሚገባበት፣ አየሩ ተስቦ የሚወጣለት፣ ቤት የሚያህል ብረት ነው። ያለ እሱ መስታወት አይቀባም። አዲስ የሚገዛበት አልነበረም። ከተራሮቹ ማዶ፣ በጭነት መኪና የሁለት ቀን መንገድ፣ አንዲት ደሀ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ነበረች። የዚያች ጣቢያ መስታወት አጣቢ የራሱን በርሜል ፈትቶ ጭኖ ላከ። አንድ ዓመት ቆየ። በዚያ ዓመት የማዶዋ መስታወት ጠቆረ፤ ሰዎቿ ምንም ሳያዩ ከረሙ። ባለ በርሜሉ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በዚያ መስታወት የምታነሱትን ሥዕል ለኛም ስጡን።» አጣቢው «በኔ ይሁንብህ» አለ።

በርሜሉ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን አልሄደም። ደንብ ወጣ፤ መረጃ ለከፈለ ብቻ። አጣቢው ሦስት ዳይሬክተሮችን ተራ በተራ ለመነ። ሦስቱም «እናያለን» አሉት። ባለ በርሜሉ በየዓመቱ አንድ ቀን ይደውላል፤ ስለ ሥዕሉ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። «መስታወቷ እንዴት ናት?» ብቻ ይላል። አጣቢው ስልኩን ሲዘጋ የዚያን ቀን ምሳ አይበላም።

ቆጠራው ከመጣ ምናልባት ደንቡ ይለወጥ ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር። አሁን ግን አፉን ከከፈተ ቆጠራው ራሱ ሊቀር ነው።

ከሰዓት በኋላ አስራ ሁለት ደብተሮች ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቆለለ። ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፤ እሱ ጭረት አሰመረ። ሲጨርሱ ድምሩን ለአስራ ሁለት ዓመት አካፈሉት፤ ደግመውም አካፈሉት። ሁለት መቶ አስራ አራት።

«ብነግራት ገንዘቡ ይቀራል» አላት። «ገንዘቡ ከቀረ ቆጠራው የለም። የዚያ ሰውዬ ነገርም አብሮ ተቀበረ።»

«ባትነግራትስ?»

«ገንዘቡ ይመጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰማዩ ይነግራታል።»

«እንግዲያው አንተ ቅደም» አለች ሚስቱ መነጽሯን እያወለቀች። «ሰማዩ እንዳንተ ለስለስ አድርጎ አይነግራትም። አንተም ለስላሳ ሆነህ አይደለም።»

በማግስቱ ደብተሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ እርሳስ ክፍል ገባ። ቁጥሩን ነገራት። ፊቷ ጠቆረ።

«እርግጠኛ ነዎት ወይስ ይመስልዎታል?»

«ቆሜ ነው የጻፍኩት።»

ወንበር ሳበችለት። የማሽኑን መዝገብና የሱን ደብተር ጎን ለጎን አድርጋ በእርሳሷ ጫፍ መስመር በመስመር ወረደች። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባት። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠችና ግንባሯን ያዘች።

«ማሽኑ ቀን የሚለውጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው» አለች። «አንዲት የጠራች ሌሊት ከማታ እስከ ንጋት ሁለት ቀን ትነካለች። ማሽኑ ሁለቱንም ቀን ‹ጠራ› ይላል። ሦስት ሌሊት ተከታትሎ ቢጠራ አራት ይለኛል። ደመናው በዓመት ሃምሳ ስምንት ጊዜ ይገለጥና ተመልሶ ይዘጋል፤ ሃምሳ ስምንት ጊዜ አንዳንድ ሌሊት ከሌለበት ተወልዶልኛል። እኔም ተቀብዬ አሳደግኩት።»

«ሌሎቹስ አላዩትም?»

«ሦስት ዶክተር ፈርሞበታል። ዕድሜያችንን ሌሊት ስንሠራ ኖረን ሌሊት መቁጠር አቃተን!» ሳቀች፤ ሳቋ ደረቅ ነበር። ከዚያ ላጲሷን አነሳችና ከእቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት መቶ ሰባ ሁለትን አጠፋች። አጣቢው አፍጥጦ አያት። የብዙ ሰው ሥራ ያለበትን ቁጥር እንዲህ ቶሎ የሚያጠፋ እጅ አይቶ አያውቅም።

«አሁን ምን ታደርጊያለሽ?»

«እስቲ ሌሊቶቹ ለምን እንደሚውሉ እንይ። ሁለት መቶ አስራ ሁለቱ ለራሱ ለቆጠራው ነው። ስልሳው ደግሞ ለመመለሻ ነው። አንድ ኮከብ በድንገት ከደመቀ ትልቁ ካሜራ ሥራውን አቁሞ ወደሱ መዞር አለበት፤ ደጋግሞ ማየት አለበት።» ቆም አለች። «ስልሳውን ሌላ ሰው ቢይዝልን ግን... ለዚያ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ራቅ ያለ መሆን አለበት፤ እኛ ጋ ሲዳምን የማይዳምንበት።»

አጣቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዲት ጣቢያ አውቃለሁ» አለ። የበርሜሉን ነገር ነገራት። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ተራራ ላይ እንደዚያ ቀን አውርቶ አያውቅም።

«ለምንድነው እስከዛሬ ለኔ ያልነገሩኝ?»

«ለሦስት ዳይሬክተር ነግሬያለሁ። ‹እናያለን› አሉኝ። መቼም ሥራችን ማየት አይደል፣ ጠበቅኩ።»

እርሳስ ስልኩን ወደሱ ገፋች። «ይደውሉ።»

ባለ በርሜሉ አነሳ። «ምነው፣ ቀኑ አልደረሰም እኮ! መስታወቷ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። አንዲት ልጅ ልታናግርህ ትፈልጋለች።»

እርሳስ ብዙ ጠየቀችው። እሱም ደብተር ነበረው፤ ሙያውን የተማሩት ከአንድ ሰው ነው። በእሱ በኩል ሰማዩ የሚጠራው ይህኛው ሲዳምን ነው። ስልሳውን ሌሊት እንይዛለን አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻ ልጄ፣ ወዴት እንደምንዞር በምን እናውቃለን? የናንተ መረጃ እንደሆነ የተቆለፈ ነው።»

«ገባኝ» አለች እርሳስ። ስልኩን ዘግታ በአዲስ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች።

የለጋሾቹ ተወካይ በቀኑ መጣ። ብቻውን ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ «ኮሚቴው እንዲህ ይላል» ስለሚል የተራራው ሰዎች ኮሚቴው ብለውታል። ረጅም ሰው ነው፤ ኮቱን አያወልቅም። እርሳስ አጣቢውን ደብተሮቹን ይዞ ከኋላ እንዲቀመጥ አደረገችው።

«ከመጀመሬ በፊት» አለች፣ «የላክሁላችሁ ቁጥር ስህተት ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ። የጠራ ሌሊት ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ሳይሆን ሁለት መቶ አስራ አራት ነው።»

ዳይሬክተሩ ጣሪያውን አየ።

«ይህን ሳይነግሩኝ ማለፍ ይችሉ ነበር» አለ ኮሚቴው።

«ሦስት ዓመት ያህል እችል ነበር።»

«ማነው ያገኘው?»

«እሳቸው።» ወደ ኋላ ጠቆመች። ኮሚቴው አንዱን ደብተር ተቀብሎ ገለጠ፤ ቆይቶ ሌላ ገለጠ።

«እዚህ ላይ ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነው።»

«ሌላ ነገር አልሆነም» አለ አጣቢው።

«ከስድስት ዓመት በፊት እኔ እዚህ መጥቼ ነበር። በዚያ ሌሊት ምን ይላል?»

አጣቢው ደብተር መርጦ ገጹን አወጣ። «አልተከፈተም። እርስዎም ተቆጥተው ነው የወረዱት። ያኛውን ግን አልጻፍኩትም።»

ኮሚቴው ሲስቅ የታየው የዚያን ቀን ነው። እርሳስ ሁለት ወረቀት አስቀመጠችለት። «ኮሚቴው መረጃው ከከፈሉት በቀር ለማንም ለሁለት ዓመት እንዳይከፈት ይፈልጋል። እሺ፤ በዚህኛው ወረቀት ተቆልፏል። ስልሳውን ሌሊት እኛው እንሠራለን፣ አስር ዓመት የተባለው ቆጠራ አስራ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ይፈጃል። በዚህኛው ከመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ተከፍቷል። የማዶ ጣቢያ ከኛ ጋር እኩል ያያል፣ ስልሳውን ይይዝልናል፤ በአስር ዓመት እንጨርሳለን። በዓመት ሁለት ሌሊት ይተርፈኛል።»

«ሁለቷስ ለምንድን ነች?»

«የጋሼ ናት። ለመቀቢያ።»

«የከፈሉት ሰዎች ቅር ይላቸዋል።»

«የሚፈነዳ ኮከብ ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቃቸውም። ዘግተው ከሚይዙት ያመልጣቸዋል። ይህን ለኮሚቴው ይንገሩልኝ፤ ደግሞ እርግጠኛ ነኝ እንጂ አይመስለኝም።»

ኮሚቴው ሁለቱንም ወረቀት አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተ። «ኮሚቴው በደብዳቤ ይመልሳል» ብሎ ወረደ። ሃያ ሁለት ቀን ፈጀ። አጣቢው በነዚያ ቀናት ንጹሑን መስታወት ሁለት ጊዜ አጠበ። በሃያ ሦስተኛው ቀን እርሳስ ጉልላቱ ውስጥ በካልሲዋ ገባች፤ ጫማዋን በር ላይ ማውለቋን አስተዋለ። ደብዳቤውን አላነበበችለትም። «ሁለተኛው ወረቀት» አለችው፤ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ካሜራው እስኪገጠም አስራ አራት ወር ሄደ። ቆጠራው በተጀመረ ማግስት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ አጣቢው ከእርሳስ ክፍል ደወለ።

«ማሽንህ ፊት ተቀመጥ» አለው ባለ በርሜሉን።

«ተቀምጫለሁ። አድራሻውን ልጅቷ ልካልኛለች። የይለፍ ቃሉ ስንት ነው?»

«የለውም።»

«እንዴት የለውም?»

«የለውማ። ዝም ብለህ ክፈተው።»

ከማዶ የወንበር ሲጢጥታ ተሰማ። አጣቢው ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ። እርሳስ መጻፏን አቆመች። የዚያ ሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ረጅም፣ አንዳንዴ ተቆርጦ የሚቀጥል።

«ሁሉም አለ» አለ ባለ በርሜሉ በመጨረሻ። «ማታ ያነሳችሁት ሁሉ።»

«ሁሉም አለ። የነገውም ይመጣል።» አጣቢው ቃል ፈለገ። «ሃያ አራት ዓመት አቆየሁብህ።»

«ተወው እሱን። ከፍለሃል።» አፍንጫውን ሲጠርግ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። «አሁን የቀረው፣ በርሜሌን ስትመልሱ ጎኑ ላይ ያመጣችሁብኝ ጠባሳ ነው።»

«እሱንማ ስትሰጠንም ነበረው።»

«አልነበረውም!»

«ነበረው። ቆሜ ነው ያወረድኩት።»

ማዶ ሳቅ ፈነዳ። አጣቢው ስልኩን ሲዘጋ ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ተኩል ሆኗል።

«ምሳ ደርሷል» አለ። ከእርሳስ ቀድሞ ወጣ።