ለሐኪሟ የሚስቅ ባል

«የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ!» ትላለች ባለ ፀጉር ቤቷ፤ የምትለውም ባሏን ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ድሮ መርፌውን ነክሶ ሲቀልድ፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ ሆዱን ይዞ የሚስቅለት ሰው ነበር። ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ከያዘው ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በር ላይ ሲደርስ እግሩ አልነሳ ብሎት ተገትሮ ይቀራል። ፊቱንማ ተዉት! ትቀልድለታለች፣ ዝም። አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትዞርለታለች፣ ዝም። «እጅሽ ይባረክ» ሲላት እንኳ ፊቱ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው ፊት ነው።

በሽታው እጅና እግር እንደሚይዝ ነግረዋታል። ፊት ይይዛል ያላት ግን የለም። ስለዚህ በራሷ ፈታችው፤ ጠልቶኛል አለች።

ይህንንም ሆዴ ይፍጀው ብላ በቻለችው ነበር፣ ያ ጥናት ባይመጣ። ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም በሽታው ከምን እንደሚነሳና ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርስ ታጠናለች፤ ልብስ ሰፊውም በጥናቱ ከገቡት ሕሙማን አንዱ ነው። የቀጠሮው ዕለት ጠዋት፣ በሽታው ሳይሸፈን እንዲታይ፣ መድኃኒቱን ሳይወስድ ይሄዳል። ያን ጠዋት ካልሲውን የምታጠልቅለት ማን ናት? ሚስት። ደግፋ ታክሲ ውስጥ የምታስገባውስ? ሚስት። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ!» ብላ በፈገግታ የምትቀበለው ግን ያቺ ወገበ ቀጭን ናት።

ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ ነጭ ፕላስተር አግድም አግድም ለጥፋለች። «ጋሼ፣ መስመሩን እየተሻገሩ ይምጡ» ስትለው፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ለመድረስ ግማሽ ጠዋት የሚፈጅበት ሰውዬ ቀጥ ብሎ ይራመድላታል። ሚስቲቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ይህን አየች፤ ቆሽቷ አረረ።

«ለእኔ ሲሆን ድንጋይ፣ ለእሷ ሲሆን ሚዳቋ!» ብላ እዚያው ለታናሽ እህቷ ደወለች።

እህትየው ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! በታመመ ሰው ይቀናል እንዴ?»

«ማን ቀና? ብቻ አልጋ አንጥፊልኝ። ዛሬ ወይ ጥናቱን ይምረጥ ወይ እኔን። ጥናቱን ካለ ማታ አንቺ ጋ ነኝ።»

ስልኩን ዘግታ በምርመራ ክፍሉ በር መስታወት አሾለቀች። ሐኪሟ ከባሏ ፊት ለፊት ተቀምጣ አንድ ነገር ስትለው ልብስ ሰፊው ጥርሱን ገለጠ። ያ በሠርጋቸው ቀን ያፈረበት ሸራፋው ሳይቀር፣ ሁሉንም! እሷ ያን ሸራፋ ካየች ስንት ዘመኗ! በሩን በርግዳ ገባች።

«ደግ ነው! እኔ ካልሲ ላጥልቅ፣ እናንተ እዚህ ተሳሳቁ!»

ሐኪሟ ደንግጣ ተነሳች፤ ቆይቶ ግን ነገሩ ገባት። «እትዬ፣ እስቲ ይቀመጡ። ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ፤ ጥርስዎን ያሳዩኝ።»

ልብስ ሰፊው አሳየ። «ይበቃል» ስትለው ገጠመው። የተንቀሳቀሰው አፉ ብቻ ነበር።

«ይሄ ምርመራ ነው» አለች ሐኪሟ። «ፊትም ጡንቻ አለው፤ በሽታው እሱንም ያደርቀዋል። ሲያዙት እንደ ምንም ይንቀሳቀሳል። ሳይታዘዝ በራሱ የሚመጣው ሳቅ ነው አልወጣ የሚለው። እግራቸውም ቢሆን የሚሻገሩት መስመር ሲያዩ ነው የሚነሳላቸው። የነገረዎት የለም?»

የነገራት አልነበረም። ወደ ባሏ ዞረች። «ታዲያ እኔ ስቀልድልህስ?»

«እስቃለሁ» አለ። ድምፁም ቀጥኗል፣ ካልተጠጉት አይሰማም። «በአዲሱ ቀሚስ ስትዞሪ ጠረጴዛውን በዳሌሽ የጣልሽው ጊዜ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። አንቺ ተቆጥተሽ ወጣሽ።»

«አትነግረኝም ነበር፣ አንተ ሰውዬ?»

«የሳቀ ሰው ሳቅሁ ብሎ ያወራል?»

አፈረች። ከእፍረቱ ይልቅ ግን ሳታየው ያለፋት ያ ሁሉ ሳቅ አንገበገባት። ለእህቷ ደውላ «አልጋሽን እጠፊው» አለቻት። ሲወጡ ደግሞ ሐኪሟን፣ ዓይኗን ሳታይ፣ «ያ ፕላስተር የት ይሸጣል?» ብላ ጠየቀቻት። ይቅርታ ልትጠይቃት አስባ ነበር፤ ወገቧን ስታይ ተወችው።

ቤት እንደ ደረሱ በመንገድ የገዛችውን ፕላስተር ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ሳሎን ተንበርክካ ለጠፈች። መስመሩ ተንጋደደባት፤ እሱ በሩ ላይ ተገትሮ ያያታል። ልትነሳ ስትል የቀሚሷ ጫፍ አብሮ ተለጥፎ ኖሮ፣ ወደ ኋላ ተመልሳ ዘጭ!

ቀና ብላ ፊቱን አየች። ያው ነው፣ ደረሰኝ ቆራጩ። ጠበቀች።

«ሳቅሁ» አለ።

«ለእሷስ እንዲህ ብለሃት ታውቃለህ?»

«ለእሷ ጥርሴን ብቻ ነው ያሳየኋት።»

ከወደቀችበት አልተነሳችም። የተንጋደደውን መስመር አንድ በአንድ እየተሻገረ ወደ እሷ እስኪደርስ እዚያው ቁጭ ብላ ጠበቀችው።