አባ ባቡር ሞትን የቀደመ ዕለት

ጅማ ባቡር የላትም። ይመጣል ሲባል በወጣትነታቸው የሰሙ ሰዎች አርጅተዋል፤ ወሬው ግን አላረጀም። አብዱልፈታሕ ይህን ወሬ ከልባቸው ካመኑት ጥቂቶች አንዱ ነው። አወቱ መንደራ በሚባለው የጅማ ሰፈር አልጋና ወንበር የሚሠራ አናጢ ሲሆን፣ ጣቢያው ከኪቶ ፉርዲሳ ማዶ የትኛው ሜዳ ላይ መቆም እንዳለበት እንኳ ማንም ሳይጠይቀው ወስኖ ጨርሷል። ሐዲዱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ማስረዳት ከጀመረ በእጁ የያዘውን መሮ ይረሳዋል፤ ደንበኛውም ወንበሩን ሳያገኝ ይመለሳል። ሰፈሩ «አባ ባቡር» ብሎ ሰየመው። እሱም ስሙን ወደደው እንጂ አልተቆጣም።

ፍቅሩ የጀመረው ገና ሥራ ሲለምድ፣ ከጌታው ጋር ወንበር ሊሸጥ ድሬዳዋ ወርዶ ሊቶሪና የሚሉትን ባቡር ያየ ዕለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀላል ባቡር ከተዘረጋ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰበት። በየጥቂት ወሩ ዓርብ በአውቶቡስ ይወጣል፤ ቅዳሜን ሙሉ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ሲመላለስ ውሎ እሑድ ይመለሳል። ዘመድ አይጠይቅ፣ ዕቃ አይገዛ። በግፊያው መሀል ተሹለክልኮ ከሾፌሩ ጀርባ መስተዋቱ አጠገብ ይቆምና ሐዲዱ ወደ እሱ ሲመጣ ያያል፤ በቃ። «ምን ይዘህ መጣህ?» ሲሉት «ሄጄበት መጣሁ» ይላል። ከዚህ የተሻለ መልስ ኖሮት አያውቅም።

ሚስቱ ረይሃና እንደ ቀኑ ናት፤ አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ ትበሳጫለች። የሰኮሩ ልጅ ናት፤ ምላሷ የሰላ፣ ሆዷ ቡቡ። አላህ ልጅ ስላልሰጣቸው ሁለቱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ነው የኖሩት። «የኔ ጣውንት ብረት ናት» እያለች ጎረቤት ታስቃለች፤ ግን መንገድ በወጣ ቁጥር ስንቁን የምትቋጥርለት እሷው ነበረች።

ሐሙስ ማታ ግን አልሳቀችም። ደረቷን ይዛ «በዚህ ሳምንት ይቅርብህ፤ ደኅና አይደለሁም» አለችው። እሱ ቲኬቱን ቆርጧል። ደግሞ ባለፈውም ደረቷን አሟት በነጋታው ተነሥታ ነበር። «ሐኪሙ የሰጠሽን ዋጪና ተኚ፤ እሑድ እመለሳለሁ» አላት። «እንግዲያው ባቡርህን አግባው!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ሲነሣ ተኝታ ነበር፤ ወይም የተኛች መስላ ነበር። ቢቀሰቅሳት ትቆጣለች ብሎ ፈራና ሳይሰናበታት በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ባቡሩ ልደታን አልፎ ወደ ጦር ኃይሎች ሲያዘግም ስልኩ ጠራ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ቲጃኒ ነበሩ። ሐጂ ቲጃኒ ለሰላምታ የሚደውሉ ሰው አይደሉም። ስልክ የሚያነሡት የከፋ ነገር ሲኖር ብቻ እንደሆነ አወቱ መንደራ በሙሉ ያውቃል።

«የት ነህ፣ አብዱልፈታሕ?»

«አዲስ አበባ ነኝ፣ ሐጂ። ደኅና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ረይሃናን ትንሽ አሟት ሐኪም ቤት ወስደናታል። ዛሬውኑ ተነሥተህ ና።»

«ምን ሆነች? ያገናኙኝ እስቲ!»

«እኔ እቤት ነኝ። ትንሽ ነው አልኩህ። አንተ ብቻ ና። አብሽር፣ አይዞህ።»

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ ያለ ሰው «እገሌን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና» ይባላል፤ እደጁ ደርሶ ድንኳኑን ሲያይ ይገባዋል። አብዱልፈታሕ አባቱ ሲሞቱ የተጠራው እንዲህ ነው። ወንድሙ ሲሞት የተጠራውም እንዲህ ነው። እሱ ራሱ ስንቱን ጎረቤት በዚሁ አነጋገር ከየአገሩ ጠርቷል! ስለዚህ «ትንሽ» የሚለውን ሲሰማ ለእሱ ነገሩ አለቀ።

ሐጂ ቲጃኒ ግን በዚያ ጠዋት የተናገሩት እውነት ነበር። ረይሃና አልሞተችም። ልቧ ደክሞ፣ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተደርጎላት፣ ጎረቤቷ ልያ እያስታመመቻት፣ ዓይኗን በገለጠች ቁጥር «መጣ?» እያለች ትጠይቅ ነበር። እንግዲህ ዕድሜ ልካችንን መርዶን በሕመም ስንሸፍን ኖረን፣ አንድ ቀን ሕመምን በስሙ ብንጠራው ማን ያምነናል? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ያሉት ይሄኔ ነው።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ባቡሩ ውስጥ፣ ለሞተ ሰው የሚባለውን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አጠገቡ የተቀመጠች ልጅ ተነሥታ በያዘችው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። በዚያ ባቡር ስንት ዓመት ተመላልሶ ሲቀመጥ ይኸ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ስልኩን አጠፋው። ሰው መሀል እያለ አንዱ ደውሎ «አላህ ይርሐማት» እንዲለው አልፈለገም። ቃሉን ከሰው አፍ እስኪሰማው ድረስ የቀረችለት ትንሽ ነገር ያለች መሰለው።

ጦር ኃይሎች ወርዶ አየር ጤና ሄደና የጅማ ሃይሩፍ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። ልቡ ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሶ ነበር። ሙስሊም ሬሳ አያሳድርም፤ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ይቀብሯታል፤ እሱ ምንም ቢበር ከዐሥር ሰዓት በፊት ጅማ አይገባም። ስለዚህ ለቀብሯ አይደርስም። ይህንን ካወቀ በኋላ የመኪናው መፍጠንም መዘግየትም ግድ አልሰጠው። ተሳፋሪው ከወልቂጤ ምሳ በኋላ መኪናው ቆሞ ሲቆይ ያጉረመርም ነበር። እሱ ብቻ ሰዓቱን አላየም። ሁልጊዜ የጊቤን ቁልቁለት ሲወርዱ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ይዞ «ባቡሩ ሲመጣ እዚህ ጋ ዋሻ ይበሳል» ይል ነበር። ያን ቀን ገደሉን ቀና ብሎ አላየውም። ያየው የነበረው ወደ ግድግዳ የዞረ ጀርባዋን ነው። ትከሻዋን ነካ አድርጎ «ሐላል አድርጊኝ፣ ይቅር በዪኝ» ሳይላት መውጣቱ አንጀቱን በላው።

ሰኮሩ ሲደርሱ «ወራጅ አለ» አለ። እዚያው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ጅማ በጊዜ ይገባ ነበር። እሷም ታየው ነበር። እኔ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ያንን «ወራጅ» የሚል ቃል ካፉ ላይ ብነጥቀው እላለሁ።

ግን ምን ያድርግ? የረይሃና ታላቅ እህት ፈድሊያ ሰኮሩ ናት። እህቷ መሞቷን ሳታውቅ በደጇ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ለሟቿ ባል የሚገባው ሥራ ይኸው ብቻ ቀርቶት ነበር፤ አሳምሮ ሊሠራው ፈለገ። መስጊድ ሄዶ ሽማግሌዎች አነጋገረ። እነሱም ወጉ እንዲደርስ ጎረቤቱን ሰበሰቡ። ተያይዘው ወደ ፈድሊያ ቤት ሲወጡ እሷ ደጅ ላይ ቡና እያሰጣች ነበር። የሰዉን ብዛትና አብዱልፈታሕን መሀላቸው ስታይ መርዶውን የሚነግራት ሰው አላስፈለገም።

«ያ ረቢ! ረይሃና! ያ ኦቦሌቲ ኮ! እህቴን!» ብላ ያሰጣችው ቡና ላይ ወደቀች።

አገሩ በጩኸቱ ተጠራ። ሰዉ ቀዩን ቡና እየረገጠ ገባ። አብዱልፈታሕ ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን እንባ እዚያ አፈሰሰው። «ጣውንቴ ብረት ናት ስትል የምታስቅ! ሳልሰናበታት! ጀርባዋን አይቼ!» እያለ ጉልበቱን መታ። ሴቶቹ ደግነቷን፣ ቀልዷን፣ ወላድ ባትሆንም የሰው ልጅ ሁሉ እናት መሆኗን እያነሡ አለቀሱላት። ሰው ሲሞት የሚባለው መልካም ነገር ሁሉ ተባለላት፤ አንድም አልቀረ።

የፈድሊያ ስልክ ጓዳ ውስጥ ይጠራል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጠራል። ማን ያንሣው? በኋላ አንዲት ጎረቤት ለቅሶ የሰማ ዘመድ መስሏት አነሣችና፣ «ከጅማ ነው፤ እሷ ማናገር አትችልም፣ አንተ አናግራቸው» ብላ ለአብዱልፈታሕ አቀበለችው።

«ሄሎ» አለ፣ እንባውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ።

«አንተ ነህ?» አለ ቀጭን ድምፅ። «ስልክህን ምን ነካው? ልያ ጣቷ እስኪቀጥን ደወለችልህ እኮ።»

አብዱልፈታሕ ግድግዳውን ያዘ።

«እዚያ ምን ትሠራለህ? ፈድሊያን ልታመጣልኝ ነው የወረድከው?» አለች፤ በየቃሉ መሀል ትንፋሿን ትሰበስባለች። ያኔ ጩኸቱን ሰማችው። «ኤኙቱ ዱኤ? ማነው የሞተው?»

ደጅ ሴቶቹ አሁንም ስሟን ሊጠሩ ነው። እጁን እያወናጨፈ ዝም በሉ አላቸው፤ እነሱ ግን ኀዘን ያወናጨፈው መስሏቸው ባሰባቸው። ስልኩን ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ጓሮ ሮጠ።

«ሴት ናት» አላት፣ ሊያገኘው የቻለው ውሸት ይኸው ሆኖ። «የዚህ የሰፈሩ ሴት።»

«ልጆች ትታለች?»

«የላትም።»

«ባሏስ?»

«ባሏ… መንገድ ላይ ነበር። አልደረሰላትም።»

«ዋይ፣ ምስኪን!» አለች ረይሃና፤ እውነቷን አዘነች። «ሳይሰነባበቱ? አላህ ሶብሩን፣ መጽናናቱን ይስጠው። አይዞህ በለው ለኔ። መንገድ የወጣ ሰው አይፈረድበትም በለው።»

«እለዋለሁ» አለ። «ረይሃና፣ ሐላል አድርጊኝ። ታመሽ ጥዬሽ ወጣሁ።»

«አሃ፣ በስልክማ አይሆንም!» አለች፤ ትንሽ ሳቅ ብላ ሳሏ አቋረጣት። «መጥተህ ፊቴ ቆመህ ለምነኝ። ላስለምንህ እንጂ እኔም። አሁን ግን ለቅሶ አቋርጠህ እንዳትመጣ፤ ነውር ነው። ሰውየውን አጽናናው። እኔ እጠብቃለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከጓሮ ሲመለስ ፊቱን ያዩት ሽማግሌዎች ብድግ አሉ። «አልሞተችም» አለ። «አነጋገረችኝ፤ አልሞተችም!» ለቅሶው ቀጥ አለ። ፈድሊያ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ደረቱን በሁለት እጇ ደበደበችው፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳቀች፣ አለቀሰች። ሟርት ነው ያለም ነበር፤ ዕድሜዋ ይረዝማል ያለም ነበር። እሱ አንዱንም ሳይሰማ የፈድሊያን እጅ ይዞ ወደ አስፋልቱ ሮጠ።

በሰኮሩ በዚያ ሰዓት መኪና እንደልብ አይገኝም። ያልፉ የነበሩት ሁሉ ሞልተዋል። ከጠዋት ጀምሮ ግድ ያልሰጠው ጊዜ አሁን አንጀቱን አሳረረው። በመጨረሻ አንድ አይሱዙ ቆመላቸውና ሁለቱንም ከሾፌሩ ጎን አሳፈራቸው። «ፍጠንልኝ፣ ማሎ፣ እባክህ ፍጠንልኝ» ይለዋል። ሾፌሩም ዳገቱን እያሳየው «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ባቡር አይደለም» ይለዋል።

ስልኩን ከፍቶ ሲደውል አሰንዳቦን እስኪያልፉ ልያ ታነሣለት ነበር። ልያ ከሆሳዕና አካባቢ መጥታ እነሱ ግቢ የተከራየች ናት። «አለች፣ ተኝታለች» አለችው አንዴ። «አለች» አለችው ደግማ። ሰርቦ ሲቃረቡ ስልኩ ይጠራል እንጂ የሚያነሣው ጠፋ። እንደገና ደወለ። ፈድሊያ አየችውና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ያን ጊዜ ማንም «ትንሽ አሟታል» አላለውም።

ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት አዛን ሲደረግ ነው አወቱ መንደራ የገቡት። በራቸው ላይ ድንኳን እየተተከለ ነበር። ሐጂ ቲጃኒ ከሽማግሌዎች መሀል ወጥተው እጁን ያዙና «አብዱልፈታሕ፣ እንግዲህ የአላህ ነገር…» ብለው ሲጀምሩ «አውቄያለሁ፣ ሐጂ» አላቸው። አንዲት እንባ ከዓይኑ አልወጣችም። አልደርስበትም ያለው ቀብር፣ ስለ መሸ፣ ለነገ ጠዋት ተቀጥሮለታል። ፈድሊያ ስትጮህ እሱ ድንኳኑ ጥግ፣ ራሱ የሠራው ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ሰዉም «ደርቆ ቀረ፣ አልቅስ በሉት» ይባባላል። ለቅሶውን ሰኮሩ ላይ ጨርሶት እንደመጣ ማን ያውቃል?

ልያ ውኃ ይዛለት መጣች። አልጠጣም። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ አልተሠቃየችም» አለችው። «ከርስዎ ጋር አውርታ ስትጨርስ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ቀና አድርጊኝ አለችኝ፤ አደረግኋት። እጇን ዘርግታ ብዙ ጸለየች። ለራሷ መስሎኝ ነበር። ለማን ነው ስላት፣ ሰኮሩ አንድ ሰው አለ፣ ሚስቱ ስትሞት መንገድ ላይ ነበር፣ ራሱን እንዳይጠላ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልተናገረችም።»

ልያ ዓይኗን ጠራረገች።

«ሰውየውን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ» አላት አብዱልፈታሕ፤ ያን ጊዜ እንባው መጣ።