በችግር መማር

«እኮ ከመቼ ጀምሮ ነው የራባችሁ?» አሉ አቶ ትዕዛዙ፣ የበሶውን ስልቻ አፍ ጥፍር አድርገው እያሰሩ።

«አባዬ፣ አልራበንም አልኩ እኮ!»

«አንቺ መቼም አትናገሪም። እናትሽ ናት የነገረችኝ። በስልክ ‹በችግር ነው የምንማረው› አላልሽም?»

የምሥራች ግንባሯን ያዘች። ማለቱንስ ብላለች። ሕክምና ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ታዲያ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ መጣባቸው፤ ስሙም «ችግርን መሠረት ያደረገ ትምህርት» ይባላል። እሷ ስሙን አሳጥራ ለእናቷ ብትነግር፣ ወሬው ከወይዘሮ ጥሩሸዋ አፍ ወጥቶ ዘመሮ ገበያን ዞረ። ለአጭር እረፍት ቤቷ ስትገባ ጎረቤት እጁን ሞልቶ ጠበቃት፤ እትዬ አስካለ ማርያም ቆሎ፣ ጋሽ ጌጡ ከገዛ በጎቻቸው ጠጉር ያሠሩትን የባና ብርድ ልብስ ይዘው። ልጅቱ ፊቷ ሞላ ብሎ መምጣቱን እንኳ «እብጠት ነው፤ ረሃብ ሲጠና እንዲህ ያደርጋል» ብለው ተረጎሙት።

«ችግሩ የምግብ አይደለም» አለች፣ ለስንተኛ ጊዜ። «መምህሩ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ይሰጠናል። ክብ ሠርተን እንቀመጥና በሽታው ምን እንደሆነ ራሳችን ተከራክረን፣ ራሳችን አንብበን እንደርስበታለን።»

«መምህሩስ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ።

«ይቀመጣል። ስንጠይቀው ‹እናንተስ ምን ትላላችሁ?› ይለናል።»

«ደመወዝ ይበላል?»

«ይበላል።»

«አይ መታደል!»

የምሥራችን ያንገሸገሻት ግን የመምህሩ መቀመጥ ብቻ አልነበረም። ጓደኛዋ እስከዳር ዘዴውን ወዳዋለች፤ «ራሴ ፈልጌ ያገኘሁት አይረሳኝም» ትላለች፤ እውነቷንም ይሆናል። ምስክር የሚባለው የክፍሏ ልጅ ደግሞ ጉበትን ከጣፊያ እያምታታም ቢሆን አፉ አይዘጋም፤ ነጥብ የሚሰጠው ለተናገረ ነውና ጠቅልሎ ይወስደዋል። የምሥራች አንብባ፣ ተዘጋጅታ፣ መልሱን ይዛ ትገባለች። ነገር ግን ትልቅ ሰው በተቀመጠበት ሳይጠይቋት አፍ መክፈትን ማን አስተምሯት? መምህሩ አንገቱን ወደ እሷ እስኪያዞር ስትጠብቅ ምስክር ይቀድማታል። «ተሳትፎ የላትም» ተብላ ተደጋግሞ ተጽፎባታል። ሰኞም ዝም ካለች ዓመቱን ልትደግም ነው። ለዚህ ነው በነገው አውቶቡስ ላለመሳፈር የቆረጠችው።

ይህን ስትናገር እንባዋ መጣ። አቶ ትዕዛዙ ስልቻውን ለቀቁት። ዓመት መድገም ከረሃብ እንደሚከፋ ገባቸው።

«እንግዲያው እዚሁ ተለማመጂው» አሉ። «አንዱን ችግር አምጪ። መምህሩም ተማሪውም እኛ እንሁን።»

ሊሰናበቷት መጥተው የተቀመጡት እትዬ አስካለና ጋሽ ጌጡ ይህን ሲሰሙ በርጩማቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። የምሥራች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«አንድ የሃምሳ ዓመት ገበሬ ነው። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠማዋል። ሌሊት ሌሊት ለሽንት ይመላለሳል። ከስቷልም።»

«የማን ልጅ ነው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ስም የለውም።»

«ውይ! አልተጠመቀም?»

«እትዬ፣ የወረቀት ሰው ነው!»

«ወረቀት ነው ውሃ የጠማው?»

«ቆይ ቆይ» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። «ሃምሳ ዓመት... ጥም... ሌሊት ሌሊት መውጣት...» ዓይናቸው ቀስ እያለ ሄዶ ጋሽ ጌጡ ላይ አረፈ። የሌሎቹም ዓይን ተከተለ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አሉ ጋሽ ጌጡ። «እኔን የሚያስጠማኝ የጥሩሸዋ ወጥ ነው። ጨው ይበዛዋል።»

«ጨው? የእኔ ወጥ?»

«ከስተሃል ግን» አሉ አቶ ትዕዛዙ። «ሱሪህን እየው እስቲ።»

«ሱሪው የወንድሜ ነው!»

«ምች ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ዳማከሴ ጨምቀህ ጠጣበት።»

«በገዛ ቤቴ ወጤን!» ወይዘሮ ጥሩሸዋ ገና ከጨው አልወጡም።

የምሥራች አፏን ትከፍታለች፣ ዳማከሴው ይገባበታል። ደግሞ ትከፍታለች፣ ሱሪው ይቀድማታል። ምስክርን ሸሽታ መጥታ አራት ምስክር ቤቷ ተቀምጦ ጠበቃት።

«ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ምችም አይደለም፣ ጨውም አይደለም! ስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል! ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ በሽንት ይወጣል፤ ሲወጣ ደግሞ ውሃውን ይዞት ይሄዳል፤ ሰውየውን የሚያስጠማው እሱ ነው! ከቤተሰቡ ይህ ያለበት ሰው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ደሙ ይለካል! ሳይለካ ስኳር ነው ብሎ የሚደመድምም ተሳስቷል! ጋሽ ጌጡ፣ እርስዎም ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ!»

ጠረጴዛውን መምታቷን ያወቀችው እጇን ሲያማት ነው። ጋሽ ጌጡ ሳይታወቃቸው ብድግ ብለው ቆመዋል። የምሥራች በአባቷ ፊት እንዲህ ጮኻ አታውቅም፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

«ይቅርታ አባዬ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያም የበለጠ ቀስ ብላ፣ «ሰኞ እዚያ እንዲህ ብናገር... ብልግና አይሆንም?»

አቶ ትዕዛዙ ጆሯቸውን በትንሿ ጣታቸው ኮርኮር አደረጉ።

«እኔ የምለው» አሉ፣ «መሳፈሩስ ለምን አስፈለገ? በዚህ ድምፅ ከሆነ ከዚህም ሆነሽ ይሰሙሻል።»